ዳልቻ የተባለች አስታማሚ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የተረከብኩት ቁልፍ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ጌታነህ ከደረት ኪሳቸው አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«የእናቶች ማቆያው ቁልፍ ነው» አሉኝ። «መውለጃቸው የተቃረበ እናቶች ቀደም ብለው መጥተው ምጣቸው እስኪመጣ የሚያርፉበት ቤት ነው። አራት አልጋ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ማብሰያ ቤት አለ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል።»

«እናቶቹስ የታሉ?»

«እነሱ ብቻ ናቸው የጎደሉን» አሉ፤ ሳይስቁ።

ሄጄ ቁልፉን ባዞረው በሩ አልከፈት አለኝ። በትከሻዬ ገፋሁት። ለካ ከውስጥ ሆኖ የሚገፋኝ የጥበቃው የአያ ደምሴ ገብስ ነው፤ ጆንያ በጆንያ ላይ ተከምሯል። አያ ደምሴ የበግ ፀጉር ባናቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው መጡና «ሰው የማይገባበት ቤት ይፈርሳል ልጄ፤ እንዳይፈርስ ብዬ ነው» አሉኝ። ምን ይባላል? አብሬያቸው ገብስ ሳወጣ ዋልኩ። ከደብረ ብርሃን ይዤው የመጣሁት አዲስ ጋወን በመጀመሪያ ቀኑ ገለባ በገለባ ሆነ። አዋላጅነቴን የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ጤና ጣቢያው ከሞላሌ ወዲያ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ያለኝ ዕቃ የደም ግፊት መለኪያ፣ የፅንስ ልብ የማዳምጥበት እንደ ጥሩምባ ያለ የእንጨት ማዳመጫ፣ ጓንት፣ ግሉኮስ፣ ደም የሚያቆመው የኦክሲቶሲን መርፌና መብራት ሲኖር የሚሠራ ፍሪጅ ነበር። መብራት ከሌለስ? እዚያ አገር ከቤት ውጭ ያለው ሁሉ ፍሪጅ ነው።

ትምህርት ቤት የነገሩን እናቶች የማይመጡት ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው ብለው ነበር። እኔም አመንኩ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሜ ትልቁን ሥዕል እዘረጋና የእርግዝና አደጋ ምልክቶችን አስተምራለሁ፤ ደም መፍሰስ፣ የማይተው ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የእጅና የፊት እብጠት እያልኩ። ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያወርዱት ጀመር። አንድ እሑድ እብጠቱን ብዘለው «ሲስተር፣ እብጠቱን ረሳሽው!» ብለው በአንድ ድምፅ አረሙኝ። ግንዛቤያቸው ከኔ በለጠ። አልጋዎቹ ግን ያው እንደተነጠፉ ናቸው፤ አንዲትም ሴት ጎኗን አላሳረፈችባቸውም።

ኤዲያ! ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ደግሞ የምናገረው ለአያ ደምሴ ነበር፤ ከበሩ ስለማይነሱ የትም አይሸሹኝም።

«እነዚህ ሴቶች ሞት አይፈሩም እንዴ?»

«ይፈራሉ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አልጠየቅኳቸውም ነበር። ሳስተምር ነው የከረምኩት።

ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ለእርግዝና ክትትል የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ቤቷ ከገደሉ ማዶ ነው፤ መኪና አይደርስም፣ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ካርዷን እየሞላሁ «ያለፈው ወሊድሽ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ልጁም ሞተ፤ እኔም ሞቼ ነበር» አለችኝ፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደሟ ሲፈስ ባሏ ጌጡ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሲነቃ ሮጦ ቄስ ጠራ። ቄሱ ሲደርሱ ደሙ በራሱ ጊዜ ቆሟል። ለምን እንደቆመ የሚያውቅ የለም።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለች ሴት ዳግመኛ ልትደማ ትችላለች። ከደማች ደግሞ ግማሽ ቀን ይቅርና አንድ ሰዓትም ረጅም ነው። ሆስፒታል ልላክሽ ብላት ሳቀችብኝ። እሺ፣ ቢያንስ እዚህ ማቆያው ግቢና የመጨረሻውን ወር ተቀመጪ አልኳት።

«አልችልም እቴ።»

ልማዴ ቢሆን ስለ ደም መፍሰስ አንድ ሰዓት እሰብክላት ነበር። የአያ ደምሴ ነገር ትዝ አለኝና «ለምን?» አልኳት።

«ዳልቻ ልትወልድ ነዋ።»

«ዳልቻ ደግሞ ማናት?»

«በጌ።»

ዳልቻ አባቷ ሲድራት ከሰጣት በግ የተወለደች ናት። አምና የወለደችው ጥሩወርቅ ለቅሶ በሄደችበት ቀን ነው፤ ግልገሉን የሚያደርቀው ሰው ጠፍቶ ውርጭ ፈጀው።

«ባልሽ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ጌጡ? ጌጡ እኮ ደም ሲያይ ይወድቃል! እሷን ላዋልድ ወይስ እሱን ውሃ ልርጭ?»

«በግ እኮ ነው ጥሩወርቅ! አንቺ ብትሞቺስ?»

«ለኔስ ማርያም አለችኝ» አለች። «ለበግ ማን አላት?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ሥዕል አልነበረኝም። ከዚያ አፌ «አምጫታ!» ሲል ሰማሁት።

አመጣቻት። ከአሥር ቀን በኋላ ሆዷን ደግፋ፣ ሆዷ እንደሷው የተነፋ ግራጫ በግ በገመድ እየሳበች ከበሩ ደረሰች። አያ ደምሴ ድሮ ዲያቆን ነበሩ፣ ጽሕፈታቸው ያምራል፤ የማቆያውን መዝገብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። መዝገቡ የእናቲቱን ስም፣ ቀበሌዋን፣ የአስታማሚዋን ስምና ዝምድናውን ይጠይቃል።

«አስታማሚ ይዘሻል?» አሏት።

«ዳልቻን ብቻ ነው የያዝኩት።»

አያ ደምሴ ቀለም ነክረው እንደሚጽፉ እየተጠበቡ «ዳልቻ» ብለው ጻፉ። ዝምድና በሚለው ሥር ደግሞ «በግ» አሉ። እኔ ስጮህባቸው «መዝገብ ላይ ውሸት አልጽፍም!» ብለው ተቆጡኝ።

አልጋ ቁጥር አንድ በዚህ ሁኔታ ተያዘ። ዳልቻ ማብሰያ ቤቱ ጥግ ድርቆሽ ተጎዘጎዘላት። በሦስተኛው ቀን ጥሩወርቅን ስመረምር «እስቲ እሷንም እያት» አለችኝ። እኔ የሰው አዋላጅ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? የእንጨት ማዳመጫውን የበጓ ሆድ ላይ ደግፌ ጆሮዬን ጣልኩ። ብዙ ጊዜ የሰማሁት የሆዷን ጉርምርምታ ነው። ኋላ ግን ቱር ቱር የሚል ነገር ሁለት ቦታ ያገኘሁ መሰለኝ። «ሁለት ናቸው» አልኩ፣ እርግጠኛ ሰው መስዬ። ማዳመጫውን አንዴ አይደለም አምስቴ ነው ቀቅዬ ያጠብኩት።

ወሬው ገደሉን ተሻግሮ ለካ እኔ በሁለት ወር ስብከት ያልደረስኩበት ቤት ሁሉ ገብቷል። በሳምንቱ አንዲት እናት እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ከነቅርጫቷ ይዛ መጣች። ሌላዋ ደግሞ፣ እናቷ የሞተችባትን ጥጃ አመጣች፤ ከሷ እጅ ካልሆነ አትጠባም አለችኝ። አራተኛዋ ሁለት በግ ይዛ መጥታ ስከለክላት አንዷን ከበር መለሰች። ሕግ አወጣሁ፦ ለአንዲት እናት አንድ እንስሳ፣ ወንድ በግና አውራ ዶሮ ክልክል። አራቱም አልጋ ሞላ። ማቆያው ከተሠራ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

አቶ ጌታነህ በየጠዋቱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ይመጣሉ፣ የእናቶቹን ቁጥር ጠይቀው ደስ ይላቸዋል፣ ጥጃዋን አይተው ደግሞ ይከፋቸዋል። «ቁጥሩ ግሩም ነው ሲስተር» ይሉኛል፣ «ሽታው ነው እንጂ።»

ጉድ የፈላው ከላይ የድጋፋዊ ክትትል ቡድን ይመጣል የተባለ ቀን ነው። ስልኩ ሲደወል አቶ ጌታነህ ቀጥ ብለው ተነስተው ነው ያነጋገሩት። ስልኩን ዘጉና «በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዲት ላባ እንዳላይ!» አሉ።

«የት ላድርጋቸው? ካወጣኋቸው እናቶቹም ይሄዳሉ።»

አሰቡ፣ አሰቡና ፊታቸው በራ። ከማዋለጃው ክፍል ጎን በኮምፔንሳቶ የተለየ «የወጣቶች ምክር አገልግሎት» የሚል ክፍል አለ። ከተመረቀ ወዲህ አንድም ወጣት ገብቶበት አያውቅም። ዳልቻን፣ ጥጃዋን፣ ዶሮዋንና ሌላዋን በግ እዚያ አስገብተን ዘጋንባቸው። ግድግዳው ላይ «እዚህ ምስጢርዎ ይጠበቃል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

የቡድኑ መሪ አቶ ካሳሁን ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ሹል ጫማ ያደረጉ፣ ቼክሊስታቸውን ደረታቸው ላይ የታቀፉ ሰው ናቸው። ማቆያውን አዩ፣ አራት እናት አራት አልጋ ላይ። ደስ አላቸው። መዝገቡን ገለጡ፤ ይባስ ደስ አላቸው።

«ሁሉም እናቶች አስታማሚ አላቸው! ይህ ለሌሎችም የሚሰፋ ተሞክሮ ነው። ይህች ዳልቻ ለምሳሌ...» ብለው ጣታቸውን ዝምድና ወደሚለው ወሰዱ። «በግ?» አሉ።

አቶ ጌታነህ ሳል ያዛቸው። እኚህ ሰው ሲስሉ ሰምቼ አላውቅም። ከኮምፔንሳቶው ጀርባ «ባ...ኣ...ኣ» የሚል ድምፅ መጣ። አቶ ጌታነህ ይበልጥ ሳሉ።

አቶ ካሳሁን ሄደው በሩን ከፈቱት። ዳልቻ ምስጢርዎ ይጠበቃል ከሚለው ጽሑፍ ሥር ተኝታ እግሯን እያፈራገጠች ታምጣለች። ዶሮዋ ወንበር ላይ ናት። ጥጃዋ የቤተሰብ ምጣኔ ወረቀት ታኝካለች።

«ይኸ ጤና ጣቢያ ነው በረት?» ብለው ጮኹ። «አሁኑኑ ይውጡ! ሁሉም!»

ጥሩወርቅ ጩኸቱን ሰምታ ወገቧን ይዛ መጣች። አልተከራከረችም። ጎንበስ አለችና ገመዱን ያዘች። «እሺ ጌታዬ፣ እንወጣለን» አለች። እንወጣለን ነው ያለችው። ሌሎቹም ሦስት እናቶች ገብተው ባናቸውን መጠቅለል ጀመሩ። አራቱ ሆዳቸውን ከፊት አስቀድመው፣ በግ ጎትተው፣ ቅርጫት ተሸክመው ወደ በሩ ተሰለፉ።

ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። እኔ ቁመቴ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ማንንም አላሳልፍም ነበር። «አቶ ካሳሁን!» አልኳቸው፣ «ይህች ሴት ባለፈው ወሊዷ ደሟ አልቆ ነበር። ከዚህ በር ወጥታ ገደሉን ስትሻገር ምጥ ቢይዛት ትሞታለች። በጓን ሲያስወጡ እሷን ነው የሚያስወጡት። ፎርምዎ ላይ ይጻፉልኝ!»

እሳቸው ሳይመልሱልኝ ጥሩወርቅ «ውይ!» አለች። ሁላችንም ወደ እግሯ አየን። የሽርት ውሃዋ ፈሷል።

«ግቢ! ማዋለጃ ክፍል ግቢ!»

«ዳልቻን ማን ይይዛታል?»

«ግቢ እንጂ አንቺ ሴትዮ!»

«ዳልቻን ማን ይይዛታል አልኩ እኮ!»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አያ ደምሴ አምልጣ የወጣችውን ጥጃ እያባረሩ ርቀዋል። ሦስቱን እናቶች እንዳያጎነብሱ የከለከልኩ እኔው ነኝ። አቶ ጌታነህ «እኔ የአስተዳደር ሰው ነኝ» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ጥሩወርቅ ገመዱን ጨብጣ እዚያው መሬት ላይ ልትቀመጥ ጉልበቷን አጠፈች። ልትወልድ ነው፣ እዚያው በር ላይ፣ መርፌ በሌለበት፣ ትቢያ ላይ። ማልቀስ ቃጣኝ።

አቶ ካሳሁን ጎንበስ ብለው ዳልቻን አዩ። «አንድ እግር ብቻ ነው የወጣው» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላው ወደ ኋላ ታጥፏል። እንዲህ ሆኖ አይወለድም።»

«በምን አወቁ?» አለች ጥሩወርቅ።

«ራቤል ነው ያደግሁት እህቴ። እናቴ ቤት ስንቱን አዋልጃለሁ።» ኮታቸውን አውልቀው ለአቶ ጌታነህ አሸከሙ፤ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ሰበሰቡ። «ስጪኝ ገመዱን። አንቺ ግቢ።»

ጥሩወርቅ እጃቸውን ትክ ብላ መረመረችው። ከዚያ ገመዱን ሰጠቻቸውና ገባች፤ እሳቸውም ዳልቻን መልሰው ወደ ምክር ክፍሉ ወሰዷት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስንትና ስንት ልጅ አዋልጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ወሊድ ግን አላየሁም። ከኮምፔንሳቶው ወዲህ እኔና ጥሩወርቅ፣ ከወዲያ አቶ ካሳሁንና ዳልቻ። ጥሩወርቅ ምጧ ጋብ ባለ ቁጥር ግድግዳውን በጡጫ ትመታለች።

«ምን ደረሰ?»

«እግሩን አላገኘሁትም!»

«መልሰው ይግፉት እንጂ! ሳትገፋ ጠብቀው ይመልሱትና ጉልበቱን ይፈልጉ!»

«ጥሩወርቅ፣ አንቺ ራስሽ ግፊ!» እላለሁ እኔ።

«ልግፋ እንዴ?» ይላሉ አቶ ካሳሁን ከወዲያ።

«እርስዎን አይደለም!»

«ማርያም! ማርያም!» ትላለች ጥሩወርቅ። ለማን እንደምትለምን እሷና ማርያም ያውቃሉ።

ልጅቷ ወጣች፤ ጮኸችም። የእናቷ ሆድ ላይ አስተኛኋት፣ እናቲቱን መርፌውን ወጋኋት፣ እንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣልኝ። እፎይ ልል ስል ደሙ መጣ። እጄን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ ማህፀኗ እንደ ሊጥ ልስልስ ብሏል። ከሥሯ ያለው ጨርቅ በአንዴ ራሰ። ፈራሁ።

«አቶ ጌታነህ!» አልኩ። እኔ እንዲያ ስጮህ ሰምተውኝ አያውቁም። ኮቱን እንደታቀፉ ገቡ። ግሉኮሱን ሰቀልኩና ማንጠልጠያው ሲከዳኝ እጃቸው ላይ ሰጠኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆሙ። መድኃኒቱን ጨመርኩበት። በአንድ እጄ ከላይ ማህፀኗን እያሸሁ፣ በሌላው ደሙን እየጠረግሁ፣ ስሟን እየጠራሁ። ጥሩወርቅ መልስ መስጠት አቆመች። ከወዲያ በኩልም ድምፅ ጠፋ። እነዚያ ሦስት እናቶች በሩ ላይ ሆነው ማርያምን ሲጠሩ ብቻ ይሰማል።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። በእጄ ሥር ማህፀኗ ቀስ እያለ ጠነከረ፤ ኳስ አከለ፣ ጠጠረ። ደሙ ቀነሰ፣ ቆመ። የደም ግፊቷን ለካሁት፤ ዝቅ ብሏል፣ ግን አለ። ዳግም ለካሁት። ከፍ አለ።

ዓይኗን ገለጠች። ልጇ ደረቷ ላይ ናት። «ዳልቻስ?» አለች።

ከግድግዳው ወዲያ «ሁለት ናቸው! ወንድና ሴት! ቆመው ጠብተዋል!» የሚል የአቶ ካሳሁን ድምፅ መጣ።

«ሁለት ናቸው ብዬሽ ነበር» አልኳትና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እናቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ተራ በተራ ገብተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ከዚያ ወደ ጎረቤት ክፍል ተሻግረው ለዳልቻም ያንኑ ሲሉ ሰማኋቸው። አቶ ጌታነህን ክንድዎን ያውርዱት ብዬ የነገርኳቸው ግሉኮሱ ካለቀ በኋላ ነው።

አቶ ካሳሁን በሳሙና ሦስቴ ታጥበው ቼክሊስታቸውን ፈለጉት፤ ጥጃዋ ጠርዙን በልታዋለች። የተረፈው ላይ «አስታማሚ» በሚለው አጠገብ የትክክል ምልክት አደረጉ። አስተያየት በሚለው ሥር «ከማቆያው ጀርባ በረት ይሠራ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

ጌጡ በማግስቱ የቅሬውን፣ የመንደሩን እድር፣ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ልጁን አቀፋት፤ አልወደቀም። በሦስት ቀን ውስጥ በረቱን በድንጋይ ካቡት፣ ክዳኑንም ሳር አለበሱት። አቶ ጌታነህ ያለ ሰሌዳ አይሆንም ብለው «የአስታማሚዎች ማረፊያ» የሚል አስጽፈው ሰቀሉበት። አያ ደምሴ ደግሞ መዝገባቸውን አወጡና ከጥሩወርቅ ስም አጠገብ «በሰላም ተገላገለች፣ ሴት» ብለው ጻፉ። ከዳልቻ አጠገብም እንዲሁ፣ «በሰላም ተገላገለች፣ መንታ።»

ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። ትልቁን የአደጋ ምልክቶች ሥዕል አሁንም አልጣልኩትም፤ ጥሩ ሥዕል ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ካርድ ስሞላ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ያስቀርሻል?» ብዬ ነበር። አንዷን ያስቀራት አማቷ ነበረች፣ አንዷን ያልታጨደ ገብስ፣ አንዷን ደግሞ የማቆያው ብርድ። ባና ጨመርንላት፣ መጣች።

አዲስ ለምትመደቡ አዋላጆች ያለኝ ይኸው ነው። አልመጣም ያለችውን እናት ቤቷ ማን እንደሚቀር ጠይቋት፤ የምትነግራችሁንም እመኗት። በግ ናት ካለቻችሁ በጓንም ጥሯት።